ዕድሜውን ሳይሆን የእግሩን ቁመት ይላኩ

ለሕፃን ልጅዎ ፔዳል አልባ ብስክሌት ከማስገዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት

ወልዲያም ሆነ መርሳ ላይ ለሕፃን ልጅ ጥሩ ብስክሌት ሲታሰብ ግዢው ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በሌላ ሰው እጅ ነው። አዲስ አበባ ያለች እህት፣ ደሴ የሚመላለስ ነጋዴ ጎረቤት ወይም ከዐረብ አገር ለእረፍት የምትመጣ አክስት በስልክ ትጠየቃለች። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ይላል ገዢው። «ሁለት ዓመት ከመንፈቅ» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀለሙ የሚያምር፣ ነገር ግን ሕፃኑ ሲቀመጥበት እግሩ መሬት የማይነካ ብስክሌት ከአውቶቡስ ይወርዳል። ሱቁ ሩቅ ስለሆነ መመለስ አይታሰብም። «ግዴለም፣ ያድግበታል» ተብሎ ጥግ ይያዝለታል። ልጁ እስኪያድግበት ድረስ ግን ብስክሌት የሚማርበት ምርጥ ጊዜ ያልፋል፤ ከዚያ በፊት ከሞከረውም ይወድቅና ይፈራዋል።

ችግሩ የገንዘብም የገዢውም አይደለም። የተላከው ቁጥር ትክክለኛው አልነበረም።

ፔዳል የሌለው ለምንድን ነው?

ባላንስ ባይክ የሚባለው ፔዳልም ሰንሰለትም የሌለው ትንሽ ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት ነው። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄዳል፤ ሲለምድ ሁለቱንም እግሮቹን አንስቶ ይንሸራተታል። አዲስ ፈጠራ ይመስላል እንጂ የብስክሌት ታሪክ የተጀመረው በዚሁ ነው። ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ በ1817 እ.ኤ.አ. ማንሃይም ከተማ ውስጥ የነዳት ከእንጨት የተሠራች ተሽከርካሪ ፔዳል አልነበራትም፤ በእግር እየተገፋች ነበር የምትሄደው። ፔዳል የመጣው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው።

የእኛም ልጆች ለነገሩ እንግዳ አይደሉም። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ በጣውላ ላይ አስረው ቁልቁል የሚንሸራተቱ ልጆችን ያላየ የከተማ ሰው የለም። እነሱም ሚዛን የሚማሩት እየተንሸራተቱ ነው።

ብስክሌት መንዳት ሁለት ትምህርት አለው፤ ሚዛን መጠበቅና ፔዳል መምታት። ከባዱ የመጀመሪያው ነው። በጎንና በጎን ደጋፊ ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት ቀላሉን ያስተምርና ከባዱን ለኋላ ያቆየዋል፤ ደጋፊው የተነሣ ዕለት ልጁ እንደ አዲስ ይጀምራል። ፔዳል አልባው ግን ከከባዱ ይነሣል። የፖርቱጋል ተመራማሪዎች ወላጆችን ጠይቀው ባጠናቀሩት ጥናት፣ በፔዳል አልባ የጀመሩ ልጆች በአማካይ አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ያለ ድጋፍ ብስክሌት ነድተዋል። በደጋፊ ጎማ የጀመሩት ግን ስድስት ዓመት እስኪጠጉ ቆይተዋል።

ሌላም ጥቅም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉት ደግሞ ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ባለፉት ዓመታት ከጦርነትና ከጸጥታ ችግር የተነሣ ልጆቻችን በር ተዘግቶባቸው ያሳለፏቸውን ቀናት ለምናስታውስ የሰሜን ወሎ ወላጆች፣ ልጅ በራሱ እግር ግቢውን ሲዞር ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ካርቶን ላይ «ከ2 እስከ 6 ዓመት» ተብሎ ሲጻፍ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የዕድሜው ክልል በሰፋ ቁጥር ገዢው ይበዛል። እኩል ሁለት ዓመት የሞላቸው የሁለት ጎረቤታሞች ልጆች ግን የእግራቸው ቁመት በብዙ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑን ትተው ሁለት ቁጥሮችን ይያዙ።

የመጀመሪያው የእግሩ ቁመት ነው። ልጁን ጫማውን አውልቀው ጀርባውን ግድግዳ አስደግፈው ያቁሙት። ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ስስ መጽሐፍ በእግሮቹ መሐል አስገብተው ብሽሽቱን እስኪነካ ቀስ አድርገው ከፍ ያድርጉ። የመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ከወለሉ ጀምሮ በሜትር ይለኩ። የኮርቻው ዝቅተኛ ከፍታ ከዚህ ቁጥር ቢያንስ በ2 ወይም በ3 ሴንቲሜትር ማነስ አለበት። የእግሩ ቁመት 36 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ኮርቻው እስከ 33 ሴንቲሜትር መውረድ የሚችል ብስክሌት ይፈልጉ። ልጁ ሲቀመጥ ሁለቱም እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጥ፣ ጉልበቶቹም ትንሽ መታጠፍ አለባቸው። በጣቱ ጫፍ ብቻ የሚነካ ከሆነ አይሆነውም።

ቀጥሎ ኮርቻው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይጠይቁ። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት ከ7 እስከ 9 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የእግር ነው። ኮርቻው 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ብስክሌቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል። «ያድግበታል» የሚለው አባባል ትክክል የሚሆነውም ያኔ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ክብደት ነው። ብስክሌቱ ከልጁ ክብደት 30 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ 3.6 ኪሎ ገደማ ነው። ከባድ ብስክሌት ሲወድቅ ልጁን ይጫነዋል፤ ራሱ ማንሳት ስለማይችልም ቶሎ ይሰለቸዋል። ቀላል መሆኑ ለአምጪውም ይጠቅማል፤ ተፈታትቶ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

መሬትዎን አይተው ጎማ ይምረጡ

ሁለት ዓይነት ጎማ አለ። አንደኛው አየር የማይሞላው፣ እንደ ስፖንጅ ካለ ድፍን ነገር የሚሠራው ነው። ቀላል ነው፣ አይተነፍስም። ነገር ግን መንገጫገጭን አያስታግስም፤ እርጥብና ልሙጥ ድንጋይ ላይም ያንሸራትታል። ሁለተኛው እንደ ተራ ብስክሌት አየር የሚሞላው ነው። ከበድ ቢልም ይለሰልሳል፣ መሬትም ይይዛል።

ወልዲያ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቿም ኮብልስቶን የለበሱ ከተማ ናት። ልጁ የሚጫወተው ኮብልስቶን ላይ ከሆነ አየር የሚሞላው ይሻለዋል። ከወልዲያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ደግሞ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። እዚያም ሆነ በሲሪንቃ፣ በውርጌሳና በጊራና የግራር እሾህ የሚበዛበት አፈር ግቢ ካለዎት፣ አየር የማይሞላው ጎማ ከብዙ ምልልስ ያድንዎታል። ግቢዎ ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ከሆነ ሁለቱም ይሆናሉ።

አየር የሚሞላውን ከመረጡ ሁለት ነገር ያሳስቡ። አንደኛ፣ የአየር መሙያው አፍ እንደ መኪና ጎማ ወፈር ያለው ዓይነት ይሁን፤ ያኔ ማንኛውም ጎሚስታ ይሞላልዎታል። ሁለተኛ፣ በልኩ የሆነ መለዋወጫ የውስጥ ላስቲክ አብሮ ይገዛ። የትንሿ ጎማ ላስቲክ በየሱቁ አይገኝም።

ብሎን፣ ኩሽኔታና ፍሬን

በጋ ላይ አቧራ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ስላለብን የጎማው ኩሽኔታ የተከደነ ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል። ብሎኖቹ በተራ ቁልፍ የሚፈቱ ይሁኑ፤ ልዩ መፍቻ የሚጠይቅ ከሆነ መፍቻው አብሮ መምጣት አለበት። የመሪው መያዣ ጫፎች በወፍራም ላስቲክ የተሸፈኑ መሆናቸውን፣ የብሎን ጫፍም ከውጭ ተስሎ አለመቅረቱን ያስፈትሹ። የእንጨት ብስክሌት ያምራል፤ ነገር ግን ክረምት ላይ ውጭ ማደር የለበትም፤ ኮርቻውም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደረጃዎች ብቻ ነው ከፍ የሚለው።

ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የእጅ ፍሬን ብዙም አይሠራም፤ ጣቱም ጉልበቱም አይደርስም፤ ፍሬኑ እግሩ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነው ለትንሽ እጅ የተሠራ የኋላ ፍሬን ቢኖረው ለኋላ ልምድ ይሆነዋል። ፍሬን ስላለው ብቻ ግን ቁልቁለት ላይ አይለቀቅም። ቦታው ተስማሚ መሆኑን ለማወቅ ኳስ መሬት ላይ ያስቀምጡ። ኳሱ ራሱ ተንከባሎ ፍጥነት ከጨመረ ቦታው ለጀማሪ አይሆንም።

እነዚህ ብስክሌቶች ለመንገድ የተሠሩ አይደሉም። በአውሮፓ ኮርቻቸው እስከ 43.5 ሴንቲሜትር የሆኑት የሚመደቡት ከመጫወቻ ዕቃ ጋር ነው። አዲስ አበባን ከመቀሌ የሚያገናኘው ዋና መንገድ መርሳንም ወልዲያንም አቋርጦ ያልፋል። በቅያሱ ባጃጅ፣ በዋናው መንገድ አይሱዙ በሚበርበት ከተማ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሕፃን ለሾፌር አይታይም። የግቢ በር መዘጋቱን ሳያረጋግጡ ብስክሌቱን አያውጡለት።

ሄልሜት ከብስክሌቱ ጋር ይገዛል

ሄልሜት «በኋላ» የሚባል ነገር አይደለም። ከቅንድቡ በላይ ባለው መስመር የጭንቅላቱን ዙሪያ በሜትር ይለኩ። ልጅቷ ሹሩባ የምትሠራ ከሆነ ከነሹሩባዋ ይለኩ። ሄልሜቱ ላይ ኢኤን 1078 የሚል የአውሮፓ የደረጃ ምልክት መኖሩን ገዢው ይመልከት። ሲጠለቅ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ቀርቶ ግንባር መሸፈን፣ ማሰሪያው ከአገጭ ሥር አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ መሆን አለበት። አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ደህና ቢመስልም ይቀየራል። ልጁ ከብስክሌቱ ወርዶ ዛፍ ወይም መሰላል ሊወጣ ሲል ሄልሜቱን ያውልቁለት፤ ማሰሪያው ሊያንቀው ይችላል። ጫማውም ጣቱን የሚሸፍን ይሁን፤ ክፍት ሸበጥ ለዚህ አይሆንም።

ካልተገኘስ?

ተራ ባለ 12 ኢንች የልጆች ብስክሌት በቀላሉ ወደ ፔዳል አልባ ይለወጣል። ደጋፊ ጎማዎቹን ያንሱ፣ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ያውርዱ፣ ፔዳሎቹን ይፍቱ። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ግን ጥርሱ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። ይህን ያላወቀ ሰው በኃይል አጥብቆ ጥርሱን ይበላዋል። እንዲህ ያለው ብስክሌት ከበድ ስለሚል የሚስማማው ሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ ለሆነና እግሩ ረዘም ላለ ልጅ ነው። ልጁ ሚዛኑን ሲይዝ ፔዳሉ ይመለስለታል፤ ሁለተኛ ብስክሌት አይገዛም።

ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚተላለፍ ብስክሌትም ጥሩ ነው፤ ብሎኑንና ጎማውን ያስፈትሹ እንጂ። ለዚህም «የወንድ» ወይም «የሴት» የማይባል ቀለም ይምረጡ። ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ሚዛን መማር አለባት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ልጁ በደንብ መራመድና መሮጥ ከጀመረ መሞከር ይችላል። በመጀመሪያ ብስክሌቱን ይዞ ይራመዳል፣ ቀጥሎ ተቀምጦ ይራመዳል፣ ከዚያ እርምጃው ይረዝማል፣ በመጨረሻ እግሩን ያነሳል። አንዱ ልጅ ይህን በሳምንት፣ ሌላው በወራት ይጨርሳል። አይግፉት፤ መሪውንም አይያዙለት፤ መሪውን ከያዙት ሚዛኑን የሚጠብቁለት እርስዎ ይሆናሉ። በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ መርሳ ላይ ደግሞ ጠዋት ወይም አመሻሹን ይምረጡ።

ቦታው ግን የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መንገዶችን ለጥቂት ሰዓታት ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ሲከፍት፣ በአስፋልቱ ላይ የሮጡት ሕፃናት ነበሩ። እኛም በሰፈራችን ቀበሌውን አነጋግረን አንዲት ለጥ ያለች ቅያስ ለእሑድ ጠዋት እንድትዘጋ ማስደረግ እንችላለን። የትምህርት ቤት ግቢ ወይም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልዲያው ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ግቢ ለሕፃናት የተወሰነ ሰዓት እንዲፈቀድም መጠየቅ ይቻላል።

ለሚገዛው ዘመድ የሚላክ መልእክት

ቁጥሮቹን በልጅዎ ልክ ቀይረው እንዲህ ብለው ይላኩት፦

«አክስቴ፣ እንደምን ሰነበቱ። ለልጁ ፔዳል የሌለው ብስክሌት ሲገዙልን ዕድሜውን አይንገሯቸው። የእግሩ ቁመት 36 ሴንቲሜትር ስለሆነ ኮርቻው እስከ 33 የሚወርድ፣ እስከ 43 የሚደርስ ይሁን። ክብደቱ ከ3 ኪሎ ተኩል አይለፍ። ግቢያችን እሾህ ስላለው አየር የማይሞላ ጎማ ያለውን ይምረጡልን። የጭንቅላቱ ዙሪያ 49 ሴንቲሜትር ነው፤ ሄልሜቱ ኢኤን 1078 የሚል ምልክት ይኑረው። ቀለሙን እንደወደዱ ያድርጉት።»