አሮጌ የቤት ዕቃን በጀሶ ቀለም ማደስ

ገና ሲቃረብ በላሊበላና በዙሪያዋ ቤት ይለቀለቃል፤ እንግዳ የሚያርፍበት አልጋና ወንበርም ይፈተሻል። እግሩ ያልተነቃነቀ፣ ነገር ግን ቀለሙ የተላጠ ወይም ጢስ ያጠቆረው ወንበር በየቤቱ አይጠፋም። አዲስ ማሠራት ገንዘብም እንጨትም ይጠይቃል። በላስታ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ ጽድና ወይራ በአብዛኛው የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። በመሆኑም ደኅናውን ዕቃ አድሶ መጠቀም ገንዘብም ዛፍም ያተርፋል።

ለዚህ ከሚያገለግሉ መንገዶች አንዱ በቤት ውስጥ የሚበጠበጥ የጀሶ ቀለም ነው። ሲደርቅ አያብረቀርቅም፤ ሲዳሰስም እንደ ጠመኔ ልስልስ ያለ ነው። ይህን መሰል ቀለም “የጠመኔ ቀለም” በሚል ስያሜ ለገበያ ያቀረበችው በእንግሊዝ አገር አኒ ስሎን የተባለች ባለሙያ ስትሆን፣ ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1990 ነበር። በቤት የሚዘጋጀው ግን ሦስት ነገሮችን ብቻ ይፈልጋል፦ ጀሶ፣ ውኃና ለግድግዳ የሚውል ፕላስቲክ ቀለም።

እንጨትን ነጭ ማዕድን ማልበስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጥንት ሠዓልያን በእንጨት ላይ ቅዱሳት ሥዕላትን ከመሣላቸው በፊት ጀሶን ከከብት ቆዳ ከሚገኝ ሙጫ ጋር ለውሰው እንጨቱን ይቀቡት ነበር። ልባሱ የእንጨቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ቀለሙም እንዲይዝ ያደርጋል። በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳም የእንጨት ረድፍና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተሠራ ነው።

የጀሶ ድንጋይ በክልላችን በአባይ በረሃ ይገኛል። ድንጋዩ በ150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲጋገር በውስጡ ያለው ውኃ አብዛኛው ይወጣና ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ እንደገና ውኃ ሲያገኝ ይጠነክራል። ቀለሙ ተበጥብጦ ማደር የማይችለው በዚሁ ባሕርዩ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከእጥበት ነው። ጥላሸትና ቅባት ያለበት እንጨት ቀለም ስለማይቀበል በሳሙና ታጥቦ በደንብ ሊደርቅ ይገባል። ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይፈገፈጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቆየ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለሆነም ዕቃውን ከቤት ውጭ አውጥቶ፣ ገጹን በውኃ እያረጠቡ መፈግፈግ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡር እናቶችን ማራቅ ይገባል።

መጠኑ ሦስት ብርጭቆ ፕላስቲክ ቀለም፣ አንድ ብርጭቆ ጀሶና አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። በቅድሚያ ጀሶው በወንፊት ይነፋል። ቀጥሎ ጥቂት በጥቂት ውኃው ላይ እየተነሰነሰ ጓል እስኪጠፋ ይማሰላል፤ በመጨረሻም ቀለሙ ውስጥ ይጨመራል። ብጥብጡ መጠንከር ከጀመረ ውኃ ቢጨመርበትም አይመለስም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚያልቀውን ያህል ብቻ መበጥበጥ ይሻላል። በጀሶው ምትክ ያልበረደ ኖራ መጠቀም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል።

ቀለሙ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በወንበሩ ሥር ይሞከራል። ከእንጨቱ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ወደ ላይ ከወጣ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ቫርኒሽ መቀባት ያስፈልጋል። ከዚያም በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ በመካከሉም አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። በክረምት እርጥበት ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ሳይሸፈን የተተወ የጀሶ ቀለም ውኃና እድፍ ይመጣል። መከላከያው በንብ አናቢነት በታወቀችው ላስታ አይታጣም፤ ሰም ነው። አንድ እጅ ንጹሕ ሰም ከአራት እጅ የተልባ ዘይት ጋር፣ የፈላ ውኃ በያዘ ድስት ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ሲበርድ በጨርቅ ተቀብቶ ይወለወላል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።

ምግብ የሚነካው ገበታ፣ ሙቀጫና ማማሰያ በዚህ ቀለም አይቀባም። ከአያት የወረደ ቅርጽ ያለበት በርጩማና ሳጥን ደግሞ ዋጋው በእርጅናው ነው። የቤተ ክርስቲያን በር፣ መስቀልና ሥዕል በማንኛውም ቀለም መነካት የለበትም፤ አንዴ የተሸፈነ የጥንት ሥራ ወደ ነበረበት ላይመለስ ይችላልና። እንዲህ ያለውን ለቅርስ ባለሙያ ማሳየት፣ ጀሶውን ግን ለተላጠው ወንበርና ጠረጴዛ ማዋል ይገባል።