የስንዴ ዋግ የትውልድ ሐረግ፦ ዛፍ ወይስ መረብ?

የግንድ ዋግ ለአጨዳ የተቃረበን ስንዴ በጥቂት ሳምንታት ሊያወድም የሚችል በሽታ ነው። አዲስ የዋግ ዝርያ በታየ ቁጥር «ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ለዘር መረጣ ስለሚጠቅም የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊያውቁት ይገባል።

1. ዛፍና መረብ

የትውልድ ሐረግ በተለምዶ የሚሣለው በዛፍ መልክ ነው። ግንዱ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቅርንጫፎቹ ግን ተመልሰው አይገናኙም። ሁለት ዝርያዎች ሲዳቀሉ ልጁ ከሁለት ወገን ስለሚወለድ በዛፍ ላይ በትክክል ሊቀመጥ አይችልም። ያን ጊዜ ሐረጉ መረብ ይሆናል።

2. የስሌቱ አሠራር

ሀ. ለእያንዳንዱ የዘረ መል ክፍል ለየብቻው ዛፍ ይሣላል።

ለ. ዛፎቹ ይነጻጸራሉ፤ ከተስማሙ አንድ ዛፍ ይበቃል።

ሐ. ካልተስማሙ ኮምፒዩተሩ ሁሉንም ዛፎች አጣምሮ የሚይዝና የመገናኛ ነጥቦቹ እጅግ ያነሱትን መረብ ይፈልጋል። ናሙና ሲበዛ የሚመረመረው መረብ ቁጥር ስፍር ስለሌለው፣ ፕሮግራሞቹ ብዙ ጊዜ በአቋራጭ ዘዴ ይሠራሉ።

3. ምሳሌ፦ ዩጂ99

ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ ተገኘ፤ በ2003 በኢትዮጵያ ታየ። በስንዴ ላይ የሚኖር ዋግ በየሴሉ ሁለት ኒውክሊየስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ የዩጂ99 አንደኛው ኒውክሊየስ በደቡባዊ አፍሪካ ለረጅም ዘመን ከቆየው ዝርያ 21 ኒውክሊየስ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ግን የተለየ ነበር። ይህም ሁለት ዋጎች ተገናኝተው ሙሉ ኒውክሊየስ እንደ ተለዋወጡ ያመለክታል።

4. በተግባር ምን ይደረግ?

ሀ. በአንድ የመቋቋሚያ ጂን ብቻ በሚመካ የስንዴ ዘር አካባቢውን በሙሉ አትሸፍኑ። ዲገሉ የተባለው ስንዴ ዩጂ99ን ቢቋቋምም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌና በአርሲ ከዩጂ99 ወገን ባልሆነ የዋግ ዝርያ ተመታ።

ለ. ዋጎች የሚገናኙት በሕያው ተክል ላይ ስለሆነ፣ ከአጨዳ በኋላ ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ ንቀሉ።

ሐ. ናሙና ስትወስዱ የየማሳውን የታመመ አገዳ ለየብቻው አድርቃችሁ በወረቀት ፖስታ አሽጉ፤ ቦታውን፣ ቀኑንና የስንዴውን ዓይነት ጻፉበት። የሁለት ማሳ ዋግ በአንድ ፖስታ ከተቀላቀለ በስሌቱ ላይ ድቅል መስሎ ይታያል። በማሳ ላይ የተሠራውን ስሕተት ኮምፒዩተር አያርመውም።