ጠጋ ይበሉ፣ የሮቢትን ኑሮ በጆሮዎ ልንገርዎ

ይህን ጮክ ብዬ ብናገረው እንጀራዬን ያጎድለዋል። ሥራዬ ድለላ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አከራይና ተከራይ አገናኛለሁ። ቤት ልናይ ስንሄድ አከራዩ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ቤተሰብዎ ብዛት እንዳይመስልዎ። «ሰውየው ከውጭ ነው እንዴ?» ነው የሚለኝ። «አዎ» ካልኩት፣ እርስዎ በሩን ሳያንኳኩ ኪራዩ ጨምሯል።

ጡረታን ኑሮ በሚረክስበት አገር የማሳለፍ ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝና የጀርመን ጡረተኛ ፀሐይና የሚቻል ኑሮ ፍለጋ ወደ ፖርቱጋል፣ ወደ ግሪክና ወደ ደቡብ ጣሊያን ሲወርድ ኖሯል። ጣሊያን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ ትንንሽ ከተሞቿ ለሚሰፍር የውጭ ጡረተኛ ግብሩን 7 በመቶ አደረገችለት፤ ግሪክም በዓመቱ ያንኑ አወጀች። ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ፣ ሆስፒታል ሌሊት ሲሠራ ፀጉሩ የሸበተው የእኛ ሰውም ስሌቱ ይኸው ነው፤ ገቢ በዶላር፣ ወጪ በብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ መቶውን አለፈ። ስሌቱ ያኔ ይበልጥ አማረ።

ሮቢት ለምን ተመረጠች? ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በመንገዱ ላይ ያለችው ብርዳማዋ ደብረ ብርሃን ለቁርጥማት አትሆንም። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ሲያልፉ ግን መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛሉ፣ ካፖርትዎን ያወልቃሉ፣ ሮቢት ሲደርሱ ሸሚዝዎም ይከብድዎታል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ይህ ሙቀት መድኃኒት ነው ይባላል።

ወረቀቱም አያስቸግርም። በዐዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያወጣ ሰው ቪዛም፣ የመኖሪያም ሆነ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። መምረጥና መመረጥ ግን ይቀርበታል፤ እሱን ደግሞ ለጡረታ የመጣ ሰው ብዙም አይፈልገውም።

አሁን ወደ ሹክሹክታው እንግባ። ሮቢት ርካሽ የምትሆነው ለሚታወቅ ሰው ነው። ከጎንዎ የቆመው ሰው ማንነት ዋጋውን ይወስነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤት አይፈልጉ፤ ሰው ይፈልጉ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጎረቤት፣ የዱሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የአክስት ልጅ ይኑርዎ። ዋጋውን እሱ ጨርሶ ሲያበቃ እርስዎ ለመፈረም ብቻ ይምጡ። ሲገቡ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ዕድር ይግቡ። ዕድርተኛ የሆነን ሰው ባለሱቁም ባለጋሪውም እንደ እንግዳ አያየውም።

ቤቱን በጠዋት አይዩት። ጠዋት ሁሉም ቤት ቀዝቃዛ ስለሆነ እኛ ደላሎች በጠዋት ማሳየት ደስ ይለናል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ገብተው ይቀመጡ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በዚያ ሰዓት ምጣድ ነው። ግቢው ውስጥ የማንጎ ወይም የኒም ዛፍ ካለ፣ መስኮቱ ወንፊት ካለው፣ ሌሊት አልጋ የሚያወጡበት በረንዳ ካለ ትንሽ ጨምረው ይያዙት። ቬንትሌተር ብቻ ተማምነው አይግቡ፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል።

ምግቡ ላይ እውነትም ያተርፋሉ፤ አገዛዙን ካወቁ ነው። ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን ወደ ማሳው ዳር ወረድ ይበሉ። ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪናው ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ሲጫን ሴቶቹ ቁጭ ብለው ይለያሉ፤ ወፍራሙ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል፣ ደቃቁና የተላጠው ለብቻው ይከመራል። ወጥ ውስጥ ከገባ ልዩነት የለውም፤ ነጋዴው ግን ስለማይፈልገው በሳፋ በትንሽ ብር ይሸጥልዎታል። ፓፓያና ቲማቲምም እንዲሁ ነው፤ ለመንገደኛ ከሚደረደረው መደብ ሳይሆን ከጓሮው ይግዙ። ፍየል ካሰኘዎ እሑድ ሰንበቴ ከተማ ገበያ አለ፤ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ነው። ክርክሩን ግን ለሚያውቅበት ይተዉለት።

የሚደበቀው ወጪ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንደኛው ወባ ነው፤ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቋጥር። አጎበር ይዘርጉ፤ ትኩሳት ከተሰማዎ «ድካም ነው» ብለው አይደሩ፣ ያስመርምሩ። ሁለተኛው ከበድ ያለ ሕክምና ነው፤ ለዚያ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ መውጣት ግድ ነው። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ለዜጋው ኢትዮጵያ ድረስ ይከተለዋል፤ ሜዲኬር ግን በጥቂት ሁኔታዎች ካልሆነ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያላስቀመጠ ሰው «ርካሽ ኖርኩ» ባይል ይሻላል።

ሦስተኛውን ሌላ ደላላ አይነግርዎትም። በ2013 ዓ.ም. ጎረቤታችን አጣዬ ነዳለች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሮቢት ገብቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገዱ በተዘጋ ቀን ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይረክሳል፣ መድኃኒቱ ይወደዳል፣ እርስዎም ባሉበት ይቆያሉ። ስለዚህ ቤት ለመግዛት አይቸኩሉ። በወር በወር ይከራዩ፤ አንድ በጋና አንድ ክረምት ይለፍዎ።

ከዚያ በኋላም ካማረዎ ይምጡና እንነጋገር። ብቻዎን ግን አይምጡ፤ አገሬው የሚያውቀው ሰው ይዘው ይምጡ። ያለዚያ እኔም የምጠራልዎ የዳያስፖራውን ዋጋ ነው።