ዓሣን መጠበቅ ውሃውን መጠበቅ ነው

«ዓሣን መብላት በብልሃት ነው» ተብሎ ባገራችን ይተረታል፤ ይህም ስለ እሾሁ የተነገረ ነው። ዓሣን በቤት አጠገብ አኑሮ በጤና ማሳደግ ግን ከመብላቱ የሚበልጥ ብልሃት ይሻል። ብልሃቱም ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቀለላል፤ ይኸውም ውሃውን በደኅና ለጠበቀ ሰው ዓሣው ራሱን ይጠብቅለታል ማለት ነው። ስለዚህ የእብናትን አገር ምሳሌ አድርገን ይህን ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

እብናት በደቡብ ጎንደር፥ ከደብረ ታቦር በስተ ሰሜን ያለ አገር ነው። ዝናሙ በአንዳንድ ዓመት ፈጥኖ ስለሚያቋርጥ፥ ክረምት የሰጠውን ውሃ ለበጋ ማቆር ለቤተ ሰብ ሁሉ ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በአማራ ክልል የዝናም ውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ በብዛት መቈፈሩ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለው ኩሬ ዓሣ የጨመረ ሰው አንዱን ውሃ ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል፤ በፊት ለልጆቹ ምግብ የሚሆን ዓሣ ያሳድግበታል፥ በኋላም በዓሣው ኵስ የዳበረውን ውሃ ለጎመንና ለሽንኩርት ያጠጣዋል። ዳሩ ግን ውሃው የተበላሸ እንደ ሆነ የዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ ማታ ደኅና የነበረው ዓሣ ሲነጋ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ምቀኛ መርዝ የጨመረበት ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከኩሬው ውስጥ ነው።

ከጣና ሐይቅ ዓሦች ለኩሬ የሚስማማው ቆረሶ ነው። በረጋ ውሃ ይራባል፥ እናቲቱም እንቍላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። አምባዛም ከውሃው በላይ ያለውን አየር ለመተንፈስ የሚያስችል ብልት ስላለው ችግርን ይታገሣል፤ ጥቂት አምባዛ ከቆረሶው ጋራ ቢቀላቀል ከመጠን በላይ የሚበዛውን ጫጩት እየበላ ያሳንሰዋል፤ ነገር ግን ሲጨመር በአካሉ ከቆረሶው ያነሰ ይሁን። ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ግን በክረምት እንደ ርብና እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ወጥቶ፥ በጠጠር ላይ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እንቍላሉን ስለሚጥል፥ ለኩሬ አይመችም።

አንደኛ፥ ስለ ስፍራው። የኩሬው አፈር ሸክላነት ያለው ሊሆን ይገባል። ይህንም ለመፈተን አፈሩን በውሃ አርሶ ማድቦልቦልና ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ ነው፤ ሳይፈርስ ከተመለሰ ውሃ ይይዛል። ጥልቀቱ በጥልቁ ወገን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሁን። ፀሓይ በሙሉ የሚያገኘው ስፍራ ይመረጥ፤ ባሕር ዛፍም በዳሩ አይተከል፥ ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዛልና፥ ቅጠሉም ያበላሸዋልና። ዙሪያውንም ማጠር ከሁሉ የሚቀድም ግዴታ ነው፤ ኩሬ ለሕፃናት አደጋ መሆኑን ወላጆች ሊዘነጉት አይገባም።

ሁለተኛ፥ ስለ ሙቀቱ። ቆረሶ የሚወደው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለውን ሙቀት ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብሉን ያጐድላል፥ እድገቱም ይዘገያል፤ ከ12 ዲግሪ በታች የወረደ እንደ ሆነ ግን ሞት ይቀርበዋል። ስለዚህ በእብናት ቆላ የሚደልበው ቆረሶ በጉና ግርጌ ባለው ውርጭም እንዲሁ ይደልባል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጥልቅ ኩሬ የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር፥ ጠባቂው ውሃውን በበጋ እንዳያጐድለው ይጠንቀቅ።

ሦስተኛ፥ ስለ ትንፋሹ። ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ በ2,000 ሜትር ከፍታ ያለ ውሃ በባሕር ጠረፍ ካለው፥ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ውሃ፥ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ረቂቃን ዕፀዋት ቀን በፀሓይ ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉና መልሰው ይወስዱታል። ስለዚህ የጭንቁ ሰዓት ንጋት ነው። ጧት በ12 ሰዓት ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ የታዩ እንደ ሆነ፥ በዚያ ቀን መብልና ፍግ ይቁም፤ ንጹሕ ውሃም ይጨመር፤ ንጹሕ ውሃ ከጠፋ የኩሬውን ውሃ በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

ውሃውን ለመመርመር ክንድ ይበቃል። እጅን ቀስ አድርጎ አጥልቆ መዳፍን መመልከት ነው። ውሃው ክርን ሲደርስ መዳፉ ከዓይን ከተሰወረ አረንጓዴነቱ በልክ ነው። አንጓው ሳይጠልቅ ከተሰወረ ግን ውሃው ከብዷልና ማንጻት ያስፈልጋል፤ ክርኑ ጠልቆም ገና የሚታይ እንደ ሆነ ጥቂት የደረቀ ፍግ ይጨመርበት። ይህ ፈተና ለአረንጓዴ ውሃ ነው እንጂ በጐርፍ ለደፈረሰው አይደለም፤ ጐርፉን በቦይ ከኩሬው ማራቅ ይገባል።

አራተኛ፥ ስለ መብሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ከሁለት ጫጩት በላይ አይጨመር። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ደኅና መብል ናቸው፤ ነገር ግን በሩብ ሰዓት የሚጨርሱትን ያህል ብቻ፥ ያውም ፀሓይ ከሞቀ በኋላ ይሰጣቸው። የተረፈው መብል ይበሰብሳል፤ ከብስባሹና ከኵሱም አሞንያ የሚባል መርዝ ይወጣል፥ እርሱም የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥለዋል። በቸርነት ብዙ የሚያበላ ሰው ዓሣውን ይገድላል እንጂ አያደልብም።

አምስተኛ፥ ከውጭ ስለሚገባው መርዝ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲጨመር ዓሣን እንደሚያደነዝዝና እንደሚገድል በአገራችን የታወቀ ነው። የተባይ መድኃኒት መርጫ በኩሬ ዳር ማጠብም ከብርብራ የማይሻል ጥፋት ነው። ሎሌም ሆነ ልጅ ይህን እንዳያደርግ አስቀድሞ ይነገረው።

በከተማ ለሚኖሩና ለዓይን ደስታ ዓሣን በመስታወት ሣጥን ለሚያኖሩ አንባቢዎቻችንም ሕጉ ያው ነው። ለምሳሌ ከደቡብ አሜሪካ ከአማዞን ወንዝ አገር የመጣው፥ እንደ ሰፌድ ክብና ጠፍጣፋ የሆነው ዲስከስ፥ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይሻል፤ ከአምስት ወይም ከስድስት ጓደኞቹ ጋራ፥ ከ200 ሊትር በማያንስ ውሃ ቢኖር ይመረጣል። በሣጥኑ ውስጥ አሞንያውን ወደማይጐዳ ነገር የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው፤ እነርሱም ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚፈጁ፥ በአዲስ ሣጥን ወዲያው ብዙ ዓሣ መጨመር አይገባም። ከዚያም በየሳምንቱ የውሃው ሩብ ይለወጥ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቀው ክዳን በሌለው ዕቃ አንድ ቀን ይደር፤ ሲጨመርም ሙቀቱ ከሣጥኑ ውሃ ጋራ ይተካከል። እንደ እብናትና ደብረ ታቦር ባለው አገር ሌሊት መብራት የጠፋ እንደ ሆነ፥ ሣጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈን ሙቀቱን ያቈየዋል።

እንግዲህ አንድ ማስጠንቀቂያ ቀርቶናል። የርብ ውሃ ወደ ጣና ይገባል፤ በጣናም በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ ብዙ የነጭ ዓሣ ወገኖች አሉ። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ ቢሰለችም ቢበዛም ወደ ወንዝ አይጣል። የኩሬ ጫጩት የሚሻም ሰው በባሕር ዳር ያለውን የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለቤተ ሰብ የምንመክረው ይህን ነው፤ ጫጩት ከመግዛት በፊት ኩሬውን ማዘጋጀት፥ ከዚያም ከልጆች አንዱን የንጋት ጠባቂ ማድረግ፥ ያየውንም በደብተር እንዲጽፍ ማስለመድ። ልጁም ውሃን መመልከት ይማራል፤ ዓሣውም ሳይሞት የሚደርስለት ሰው ያገኛል።