ብቻችሁን ኪሊማንጃሮ ልትወጡ ነው? ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ኪሊማንጃሮ ለመውጣት ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በትንሽ ግሩፕ ተመዝግቤያለሁ። ከሀገር የምወጣው ብቻዬን ነው። ስፖርት እሠራለሁ። ከጤና አንፃር ምን ላድርግ?»

ጥያቄው ደስ ይለኛል። እኔም ባለፈው ዓመት እንደዚሁ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ጫፉን ግን አልረገጥኩም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና ወደ ምክሩ እንገባለን።

ያደግኩት ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ማርያም በእግር መውጣት ለኛ ሰፈር ልጅ ብርቅ አይደለም። «3,200 ሜትር እየወጣሁ ያደግኩ ሰው ከፍታ ምን ያደርገኛል?» ብዬ ርካሹን የአምስት ቀን ጉዞ መረጥኩ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እዚያ ማን ያውቅሻል?» የእናት ስጋት ነው ብዬ ሳቅኩ። በኋላ ሳስበው ከኔ የተሻለ የሕክምና ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት።

ግሩፓችን ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ሌላውን አያውቅም። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ «አንቺማ የሯጮች ሀገር ልጅ ነሽ» አሉኝ። ሐኪም መሆኔን ሲሰሙ ደግሞ የሁሉም ሐኪም ሆንኩ። በሦስተኛው ቀን 4,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ኪቦ የሚባለው ማረፊያ ስንደርስ ራሴን ክፉኛ አመመኝ፣ እራቱም አስጠላኝ። ማንን ላሳፍር? ፓራሲታሞል ውጬ ዝም አልኩ። ጋይዱ ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ» አልኩት። እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ጫፉ ጉዞ ጀመርን። ብዙም ሳንሄድ አስታወከኝ። ጋይዱ አንዱን ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገጣጠምኩ ቀጥ ብዬ እንድራመድ አዘዘኝ። ተንገዳገድኩ። «እንወርዳለን» አለኝ። ተከራከርኩት፤ አልሰማኝም። ኦክስጅን ሰጥቶ በዚያው ሌሊት አወረደኝ። 3,700 ሜትር ላይ ስንደርስ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ።

ታካሚዬ እንዲህ ቢያደርግ ተቆጥቼው ነበር። የሚያውቀኝ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ እራት አልበላም ያልኩ ጊዜ ይነቃብኝ ነበር።

🔹 ከፍታ ሰውነታችንን ምን ያደርገዋል?

ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚያም 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን በባሕር ጠለል ካለው ወደ ግማሽ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም እንደዚያው ይቀንሳል። ሰውነት በፍጥነት በመተንፈስና በሌሎች ለውጦች ይህን ያካክሳል፤ ግን ቀናት ያስፈልጉታል። ጊዜ ካልሰጠነው የከፍታ ሕመም ይመጣል፣ ሲከፋም አንጎል ያብጣል ወይም ሳንባ ውኃ ይቋጥራል።

«እኛ ደገኞች ነን» የሚለውስ? አዲስ አበባ አማካይ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ሰው አንድ እርምጃ እንቀድማለን። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ የተሠራና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ሄሞግሎቢናቸውና የደም ኦክስጅናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ያ ግን ዕድሜያቸውን እዚያ የኖሩ ሰዎች ነገር ነው፤ ቢሮ ውሎ በሊፍት ለሚወርድ ለኔ ቢጤ ዋስትና አይሆንም። ስፖርተኛ መሆንም አይከላከልም። እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ቶሎ ስለሚወጣ ቶሎ ሊታመም ይችላል።

🔹 ከመመዝገባችሁ በፊት

1. ቀን ጨምሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ የእረፍት ቀን ቢኖር ይመከራል። የኔ ማረፊያዎች ከ2,700 ወደ 3,700፣ ከዚያ ወደ 4,700 ነበሩ። በየቀኑ 1,000 ሜትር! ሰባት ወይም ስምንት ቀን የሚፈጅ ጉዞ ዋጋው ይጨምራል፤ ገንዘባችሁን የምታወጡበት ትክክለኛው ቦታ ግን እሱ ነው።

2. ድርጅቱን ጠይቁ። ኦክስጅን ይይዛሉ? ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ አላቸው? አንድ ሰው ቢታመም አብሮት የሚወርድ ተጨማሪ ጋይድ አለ? ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው።

3. ኢንሹራንሳችሁን አንብቡ። እስከ 6,000 ሜትር የእግር ጉዞን እና ከተራራ ማውረድን የማይሸፍን ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

🔹 ከመብረራችሁ በፊት

1. ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የደም ማነስ ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች ሴትም፣ ሳይመረመሩ አይነሱ። የከፍታ ሕመምን የሚከላከል አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳል። ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

2. የቢጫ ወባ ካርድ ያዙ። ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው ትጠይቃለች። ክትባቱን ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ውሰዱ። አንዴ ከተወሰደ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

3. ወባን አትርሱ። ተራራው ላይ ባትይዛችሁም ከሥር ባሉት ከተሞች አለች። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋምበት ልምድ የለውም። ስለ መከላከያ ኪኒን ጠይቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ወራት ካተኮሳችሁ «ታይፎይድ ይሆናል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

4. ጾም ላይ ከሆናችሁ፦ የጾም ምግብ ችግር የለበትም፤ ለድርጅቱ ቀድማችሁ አሳውቁ። ችግሩ ሳይበሉና ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መውጣት ነው። በፍልሰታ ወይም በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

5. እንጦጦ ውጡ፤ ለእግርና ለትንፋሽ ጥሩ ነው። ግን ማታ ወርዳችሁ ቤታችሁ ስለምትተኙ ለ4,700 ሜትር አያዘጋጃችሁም።

🔹 ተራራው ላይ «የሚያውቃችሁ ሰው» ፍጠሩ

አንድ ወረቀት ላይ ስማችሁን፣ ሕመማችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ አለርጂያችሁን እና የቤተሰብ ስልክ በእንግሊዝኛ ጻፉ። አንዱን ኪሳችሁ ውስጥ፣ አንዱን ጋይዱ ጋ አስቀምጡ። መድኃኒታችሁ ለሌላ ሰው በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤ ራሳችሁ በምትሸከሙት ቦርሳ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ከግሩፑ አንድ ሰው ምረጡና «ማታ ማታ እንጠያየቅ፤ ራስህን ያምሃል? በላህ? ተኛህ?» ብላችሁ ተዋዋሉ። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ይቅር።

🔹 መቼ እንቁም? መቼ እንውረድ?

➡️ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞር፣ ከምግብ ማስጠላት ወይም ካልተለመደ ድካም ጋር ከመጣ፦ ከዚያ በላይ አትውጡ። ባላችሁበት እረፉ። ካልተሻላችሁ ውረዱ።

➡️ መንገዳገድ፣ መቀባዠር፣ ቁጭ ብሎ እንኳን ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም አረፋ ያለው ሮዝ አክታ ካለ፦ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ውረዱ። ብቻችሁን ግን አትውረዱ። ኦክስጅንና መድኃኒት ይረዳሉ፤ መውረድን ግን አይተኩም።

የማያውቋችሁ ሰዎች መሐል ስትሆኑ «ደህና ነኝ» ማለት ይቀናል። ሰው ማስቸገር ነውር ይመስለናል፤ የከፈልነው ገንዘብም ያሳሳል። እኔን እዚያ ያደረሰኝ ይሉኝታ ነው። ጋይዱ ቢሰማኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ላልጽፍ እችል ነበር።

ዘንድሮ ልመለስ እየተዘጋጀሁ ነው፤ በስምንት ቀን። እናቴ ደግማ «ማን ያውቅሻል?» ስትለኝ የጋይዱን ስምና ስልክ ጽፌ ሰጠኋት።

ጉዞ ለሚያስብ ወዳጃችሁ አጋሩት። ይህ አጠቃላይ ምክር ስለሆነ የራሳችሁን ሁኔታ ሐኪማችሁን አማክሩ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።