ባዶ አበባ የለም፤ ከዱባ፣ ከበቆሎና ከጤፍ የምንማረው

ዱባ የተከለ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ቅሬታ ያሰማል። «አበባውስ ሞልቶ ነበር፤ ግማሹ ግን ዝም ብሎ ረገፈ» ይላል። አንዳንዱም «ይኼ ባዶ አበባ ነው፣ ሐረጉን ያደክመዋል» ብሎ ፍሬ የማይታይበትን አበባ እየቀጠፈ ይጥላል። እኛ እጩ መምህራን ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ይኸንኑ ከተማሪዎቻችንና ከወላጆቻቸው መስማታችን አይቀርም። ታዲያ ምን ብለን ልንመልስ ነው?

መልሱ እዚያው ሐረጉ ላይ ይገኛል። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። አንደኛው ቀጭንና ረጅም አንገት ያለው ወንዴ አበባ ነው። በመካከሉ ቢጫ ብናኝ ተሸክሞ እናየዋለን። ሁለተኛው አንገቱ አጠር ያለ ሴቴ አበባ ሲሆን፣ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ዱባ መሳይ እብጠት አለችው። ይህች እብጠት የአበባው ማኅፀን ናት፤ በውስጧ ገና ዘር ያልሆኑ ብዙ የዘር እንቁላሎች ይገኛሉ። እንግዲህ «ባዶ» የተባለው አበባ ወንዴው መሆኑ ነው። እርሱ ፍሬ አይዝም፤ ያለ እርሱ ግን ሴቴውም አይዝም።

ብናኙ ከወንዴው ተነሥቶ ሴቴው አናት ላይ ሲያርፍ ርክበ ብናኝ ተፈጸመ እንላለን። የዱባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አይሸከመውም፤ እንደ ንብ ያለ ነፍሳት ያስፈልገዋል። አበባው የሚከፈተው ደግሞ ማለዳ ነው። ረፋዱ ላይ መጠውለግ ይጀምራል፤ በማግሥቱም አይከፈትም። ንብ በእነዚያ ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ካልመጣች ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ስለሆነም አበባ ባለበት ማሳ ላይ በማለዳ ፀረ ተባይ መርጨት ተባዩን ብቻ ሳይሆን ፍሬ የምታስይዘውን ንብም መፍጀት ነው።

ብናኙ ካረፈ በኋላስ? ከእያንዳንዱ ብናኝ እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ይበቅልና ወደ ማኅፀኑ ይወርዳል። በቱቦው የተጓዘው የወንዴ ህዋስ ከሴቴው ህዋስ ጋር ሲዋሐድ ፅንሰት ይባላል። የተፀነሰው እንቁላል ዘር፣ ማኅፀኑ ደግሞ ፍሬ ይሆናል።

ይኸን ነገር በቆሎ ይበልጥ ያስረዳናል። የበቆሎ ወንዴ አበባ አናቱ ላይ፣ ሴቴው ደግሞ ወገቡ ላይ ነው፤ አገናኛቸውም ነፋስ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት የበቆሎ ፀጉር እያንዳንዱ ክር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ብናኝ ያልደረሰው ክር ፍሬ አያስይዝም። የእሸት በቆሎ ጥርስ እዚህም እዚያም ጎድሎ ስናገኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለዚህም ነው በቆሎን በአንድ ረጅም መስመር ከመዝራት ይልቅ ሰብሰብ አድርጎ በበርካታ መስመሮች መዝራት የሚመከረው። እ.ኤ.አ. በ1898 ሰርጌይ ናቫሺን የተባለ ሩሲያዊ ሊቅ እንዳሳየው፣ በቱቦው የሚወርዱት ሁለት የወንዴ ህዋሶች ናቸው። አንደኛው ጽንሱን ሲያስገኝ፣ ሁለተኛው የጽንሱን ስንቅ ያስገኛል። ከበቆሎ ፍሬ አብዛኛው ክፍል፣ እኛ ፈጭተን የምንበላው ማለት ነው፣ ይኸው ስንቅ ነው።

ጤፍ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ወንዴውና ሴቴው ክፍል በአንዲት በጣም ትንሽ አበባ ውስጥ ተቀራርበው ስለሚገኙ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ይህ ለጤፉ ቢመቸውም ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል ለሚፈልጉ ተመራማሪዎች ትልቅ ችግር ሆኖ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሰበት። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው የቀረበው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የዚህ ዓይነት ማዳቀል ውጤት ነው። አንድን አበባ በትክክለኛው ሰዓት ልብ ብሎ ማየት ይኸን ያህል ዋጋ አለው።

ለዚህ ትምህርት ቤተ ሙከራ የለንም ብለን ማመካኘት አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1694 ሩዶልፍ ካሜራሪየስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ዕፅዋት ወንዴና ሴቴ ክፍል እንዳላቸው በሙከራ ያስረዳው በምን ነበር? አንዱ በጉሎ ነበር፤ ያ በየአጥራችን ጥግ በሚበቅለው ጉሎ! ወንዴ አበባዎቹን ሳይፈነዱ ቀነጠሳቸው፤ ተክሉም ዘር ሳይሰጥ ቀረ።

እኛም በዱባ እንሞክረው። በማግሥቱ የሚከፈቱ ሦስት ሴቴ እምቡጦችን ማታ እንምረጥ። ሁለቱን፣ እንዲሁም አንድ ወንዴ እምቡጥ፣ ጫፋቸውን በክር ለዘብ አድርገን እንሰር። ማለዳ ከታሰሩት ሴቴዎች አንዱን ፈትተን የወንዴውን ብናኝ አናቱ ላይ እንቀባና መልሰን እንሰረው። ሁለተኛው እንደታሰረ ይቆይ። ሦስተኛውን ለንብ እንተወው። ከሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ ራሳቸው የትኛው እንዳደገና የትኛው እንደረገፈ ይመልከቱ፤ ምክንያቱንም ይናገሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሮ ከመደምደም ግን በብዙ አበባዎች ላይ መድገም ይሻላል።

ወንዴ አካል፣ ሴቴ አካል እያለ ስም ብቻ የሸመደደ ተማሪ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። በእጁ ብናኝ የቀባ ግን ቤቱ ሄዶ ለአባቱ «አባባ፣ ይኼኛውን አበባ አትቁረጠው» ይላል። ትምህርታችን ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ማሳ ደረሰ የምንለው ያን ጊዜ ነው።