አርማታው ከመሞላቱ በፊት

ቤት ሊያሠሩ እኔ ዘንድ የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስልካቸውን ከፍተው ፎቶ ያሳዩኛል፦ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ሰፊ መስታወት፣ ግራጫ ግድግዳ። ያምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃቸው እንጀራው የት እንደሚጋገርና አያት የት እንደሚተኙ ነው። የጭቃ ቤት ይቀጠላል፣ ዘግይቶም መስኮት ይወጣለታል። አርማታ አንዴ ከደረቀ ግን ሐሳብ መቀየር ማለት ማፍረስ ነው።

ከሁሉ በላይ የምከራከረው ስለ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ይበርዳል። ኮንክሪት ከባድ ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀን ፀሐይ ካገኘ ሙቀቱን ይዞ ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። ካላገኘ ደግሞ ቅዝቃዜውን ይዞ ይውላል። ብርዱ በሚጠናበት በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ሽማግሌና ሕፃን የሚውሉበትን ክፍል በደቡብ፣ ደረጃውንና ዕቃ ቤቱን በሰሜን አደርጋለሁ። መንገዱ በሰሜን ሲሆን ክርክሩ ይጀመራል፦ «ሳሎኑ ወደ መንገድ ካልዞረ እንግዳ ምን ይላል?» እንግዳ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል፤ ቤተሰቡ ግን ዕድሜውን እዚያ ይኖራል። ወደ ምዕራብ የዞረ ትልቅ መስታወትንም አልወድም፤ የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የጣሪያ ጥላ አያግዳትም።

ምጣዱን ከግቢው ጥግ ላስቀምጥ ስል አንዲት እናት «ልጄ፣ በክረምት ሊጥ ተሸክሜ በዝናብ ልመላለስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ማድ ቤቱን ከቤቱ ጋር አያይዤ በሁለት ጎን መስኮት አወጣሁለት፤ ጭሱም እንፋሎቱም ሳሎን ሳይደርስ ይወጣል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የግድ ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 2 ቶን ነው። ብዙ ጊዜ ቤቱ ካለቀ በኋላ ይመጣና ሶሌታው መሐል ይቀመጣል። ቦታው ከኮለኖቹ አናት መሆኑ ገና በፕላኑ መወሰን አለበት። የቧንቧ መተላለፊያም እንዲሁ ነው፤ ካልታሰበበት ቧንቧ ሠራተኛው ቢሙን ይፈለፍላል፣ ሸክሙን የያዘውን ፌሮም ይቆርጣል።

ፕላኑን ከመቀበላችሁ በፊት ሰሜንን የሚያሳየውን ቀስት ፈልጉ። ሮቶው የት እንደሚያርፍና ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ጠይቁ። መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ቁፋሮ አታስጀምሩ።